አሮጌውን ምርጥ ሸክላ ማጫወቻ ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአባቱን ሸክላዎች ከቁም ሳጥን አውርዶ ማዳመጥ የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ያለኝ ማጫወቻ ይበቃኛል ወይስ የድሮዎቹን፣ እነ ቴክኒክስን፣ እነ ቶረንስን፣ እነ ጋራርድን ልፈልግ? ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ከሪያድም ይጠይቁኛል። ደጋግሜ የምመልሳቸውን እዚህ አስፍሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእርግጥ የድምፅ ልዩነት አለው?

አሁን ባላችሁ ማጫወቻ ይወሰናል። ስፒከሩ አብሮት የተሠራ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ፣ አዎ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አብዛኞቹ ላይ የሚገጠመው ካርትሪጅ፣ መርፌውን የሚይዘው ትንሽ ዕቃ ማለት ነው፣ ሴራሚክ የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ ሸክላው ላይ ከአራት ግራም በላይ ይጫናል። ጥሩ ካርትሪጅ ሁለት ግራም አካባቢ ይበቃዋል። ክብደቱን ማስተካከያም የላቸውም። ስለዚህ ከድምፁ በላይ የምሰጋው ለሸክላው ነው። የአባታችሁን ሸክላ ሌላ ቦታ አታገኙትም።

ደህና ማጫወቻ ካላችሁ ግን ነገሩ ይለያል። የማጫወቻ ሥራ ሁለት ነው። ሸክላውን ፍጥነት ሳያዛባ ማሽከርከር፣ መርፌውን ደግሞ አጽንቶ መያዝ። ሸክላው ላይ የሌለ ድምፅ አይጨምርም። ምርጥ ማጫወቻ ስትገዙ የምታገኙት ፀጥታ ነው። ከሙዚቃው ሥር የሚሰማው የሞተር ጉርምርምታ ይጠፋል። ያን ጊዜ ቤዙ ቅርጽ ይይዛል፣ ድምፃዊው ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል።

ልዩነቱን ለመለየት ፒያኖ ብቻውን ያለበት ሸክላ አጫውቱ። አንድ ኖታ ተመትቶ እየከሰመ ሲሄድ ጆሯችሁን ስጡት። ፍጥነቱ የሚዋዥቅ ማጫወቻ ላይ ኖታው ይዋልላል፣ ከፍ ዝቅ ይላል። በማሲንቆ ወይም በዋሽንት ይህን ማወቅ ይከብዳል። የእነሱ ድምፅ በራሱ ስለሚርገበገብ ጉድለቱን ይሸፍናል። ፒያኖ ግን ምሕረት የለውም። የእናንተ ማጫወቻ ላይ ፒያኖው ቀጥ ብሎ ከቆመ ለመቀየር አትቸኩሉ።

እሺ፣ ከመግዛቴ በፊት ምን ልሞክር?

ባለፈው አንድ ወዳጄ «ድምፁ ታፈነብኝ፣ ልቀይረው ነው» ብሎ ማጫወቻውን ተሸክሞ ቤቴ መጣ። መርፌውን በስልኬ መብራት አየሁት። ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል የአቧራ ድብልብል ተጣብቃለች። በለስላሳ ብሩሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ እየሳብኩ ጠረግኳት። መርፌውን የተሸከመው ክንድ ሸክላው ላይ የሚጭነውን ክብደት በትንሿ ዲጂታል ሚዛን ለካን። ሁለት ግራም መሆን ሲገባው አንድ ግራም ከምናምን ነበር። ወደ ቦታው መለስነው። ማታ ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልክ አስቀመጠበት። ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። አንድ የታጠፈ ካርቶን እግሩ ሥር ከተተ። በማግስቱ ደውሎ ሸክላውን በስልክ አሰማኝ። ያንኑ ማጫወቻ ዛሬም ይዞታል።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። መርፌው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ አርጅቷል ብላችሁ ያዙ። የአልማዝ መርፌ እንደ ዓይነቱና እንደ ሸክላው ንጽሕና ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላል። በቀን አንድ የ40 ደቂቃ ኤልፒ (ትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ) የምታዳምጡ ከሆነ 1000ውን ሰዓት በአራት ዓመት ትጨርሱታላችሁ። ያረጀ መርፌ ይቧጭራል። ሺህ ዶላር ያወጣ ማጫወቻ ላይ ቢገጠምም መቧጨሩን አይተውም።

ሸክላውን እጠቡ። በተጣራ ውሃ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ የመሃሉን ወረቀት ሳትነኩ። በተለይ በበጋ፣ የአዲስ አበባ አቧራ በመስኮት ገብቶ ሸክላው ላይ ሲተኛ በዓይን ይታያል። በደቂቃ 78 ዙር የሚዞረው የድሮ ሸክላ ከሆነ አልኮል ያለበት ነገር በጭራሽ አታስነኩት፤ ይሟሟል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ድምፁ ካላረካችሁ ስፒከሩን ተመልከቱ። ማጫወቻ የምትቀይሩት ከዚያ በኋላ ነው።

የትኞቹ የድሮ ማጫወቻዎች ያዋጣሉ?

መጀመሪያ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሰሃን ምን እንደሚያሽከረክረው ጠይቁ። ሦስት መንገድ አለ። ሞተሩ ራሱ ከሰሃኑ ሥር ሆኖ በቀጥታ ያዞረዋል፣ ይህ ዳይሬክት ድራይቭ ነው። ወይ በጎማ ቺንጋ ይጎትተዋል። ወይ ደግሞ አንድ የጎማ ሮለር በሞተሩና በሰሃኑ ጠርዝ መካከል ገብቶ ያዞረዋል።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2ን ነው። የመጀመሪያው 1200 በ1972 ወጣ። ማርክ 2 በ1979 ተከተለ። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው እንደ እጅ ሰዓት ኳርትዝ ክሪስታል ስለሆነ አይዋዥቅም። ምርቱ በ2010 ቆሞ በ2016 በአዲስ መልክ ተመልሷል። ያን ሁሉ ዓመት ብዛት ባለው ቁጥር ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም አይቸግርም። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ማሽኑ ሲበላሽ ዕድሜያችሁን ዕቃ ስትፈልጉ አታባክኑም። ችግሩ አብዛኛው በዲጄ እጅ ማለፉ ነው። ክለብ ውስጥ አሥር ዓመት ያደረ ክንድ ኩሽኔታው ያለቀ ይሆናል። ቤት ውስጥ የኖረውን ፈልጉ።

በቺንጋ ከሚሠሩት ቶረንስ ቲዲ 160 እና ሊን ሶንዴክ ኤልፒ12 ስማቸው ይነሳል። ሁለቱም የ1970ዎቹ መጀመሪያ ልጆች ናቸው፤ ሊን የስኮትላንድ፣ የግላስጎው ሥራ ነው። ሰሃኑና ክንዱ አንድ ላይ ሦስት ሞላ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከውጭ የሚመጣውን ንዝረት ሞላው ይውጠዋል። ድምፃቸው ደስ ይላል። ነገር ግን ወለሉ እንጨት የሆነ ቤት ውስጥ፣ አሜሪካ እንዳሉት አፓርትመንቶች ማለት ነው፣ ሰው ረገጥ ረገጥ ሲል ሞላው አብሮ ይወዛወዛል። መርፌው ይዘላል። እስክስታ የሚወረድበት ሳሎን ከሆነ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ አስቀምጡት። የኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ወለል ላይ ይህ ችግር እምብዛም የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የድሮዎቹ ኤልፒ12ዎች የተሠሩት ለ33 ዙር ብቻ ነው። 45 ለማጫወት የሞተሩ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ትንሽ መዘውር) ላይ ቀለበት መጨመር ያስፈልጋል። ቲዲ 160 ግን በእጀታ ይቀየራል፤ ቴክኒክስ በቁልፍ። የእኛ ሰው ሸክላ አብዛኛው 45 ነው። አምሃ ሪከርድስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ በ1969 ተመሥርቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካወጣቸው ሥራዎች እጅግ የሚበዙት ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። አንድ ዘፈን ሲያልቅ ገልብጦ፣ ሌላ አንስቶ፣ እንደገና 33 አስገብቶ የሚያመሽ ሰው በየጊዜው ሰሃን እያነሳ ቀለበት ሲቀይር አይዘልቅም። ስለ ድምፅ ጥራት የሚጻፈው ሁሉ ይህን ይዘለዋል። እኔ ግን ከድምፅ ቀጥሎ የማየው ይህን ነው።

በሮለር ከሚሠሩት የሚፈለጉት የእንግሊዞቹ ጋራርድ 301 እና 401፣ የስዊሶቹ ደግሞ ቶረንስ ቲዲ 124 ናቸው። 301 የ1950ዎቹ አጋማሽ፣ 124 የ1957፣ 401 የ1965 ሥራ ነው። ጉልበታቸው ልዩ ነው። የከበሮና የቤዝ ምት ሲመጣ ሰሃኑ ቅንጣት አያመነታም። ዋጋቸው ግን ሰማይ ነክቷል። የሚገጠሙበት ከባድ ሳጥን ይፈልጋሉ። ጎማው ከደረቀ ደግሞ በየዙሩ «ዱግ፣ ዱግ» የሚል ድምፅ ታገኛላችሁ።

የአያቴ የ78 ዙር ሸክላዎች አሉኝ። የትኛው ያጫውትልኛል?

ጋራርድ 301፣ 401 እና ቲዲ 124 በ78 ይሽከረከራሉ። ቴክኒክስ ማርክ 2 ግን 33 እና 45 ብቻ ነው። ለ78 የሚሆነው መርፌም ሌላ ነው። የሸክላው ቦይ ሰፊ ስለሆነ ከኤልፒ መርፌ አራት እጥፍ ገደማ የሚወፍር ጫፍ ይፈልጋል። በኤልፒ መርፌ ካጫወታችሁት ጫፉ የቦዩን ወለል እየፈተገ ይሄዳል። የምትሰሙት ፍርፍርታ ብቻ ይሆናል።

ከአሜሪካ አስመጥቼ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ከአሜሪካ አንድ በቺንጋ የሚሠራ የድሮ ማጫወቻ በሰው ሻንጣ አስመጣሁ። ሻጩ «ከቮልቱ በስተቀር ችግር የለውም» ብሎኛል። መርካቶ ሄጄ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ሰካሁት። ሰሃኑ ተሽከረከረ፣ ደስ አለኝ። መርፌውን ሳስቀምጥ ግን የሴቷ ድምፅ የወንድ ሆኖ ወጣ። ዘፈኑ ይጎተታል። ሸክላውን ጠረጠርኩ። ሌላ አደረግኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ ሰዓቴን ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ማለፍ ነበረባት። ሃያ ስምንት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ደቂቃው አለቀ።

ምክንያቱ ሄርዙ፣ ማለትም የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው። የኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። አብዛኞቹ የድሮ የቺንጋና የሮለር ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው በቀጥታ ከመብራቱ ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርዙን አይነካውም። ስለዚህ የ60 ሄርዝ ማሽን እዚህ ሲመጣ ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። በሙዚቃ ሲታሰብ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። ከኢትዮጵያ ወይም ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚወሰደው ደግሞ በተቃራኒው ይፈጥናል፤ 33 የነበረው 40 ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቀድማችሁ ካወቃችሁ። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ፑሌጃ ለ50 ሄርዝ በተሠራው መቀየር ነው። ለታወቁት ሞዴሎች ዛሬም ይሸጣል። ከሻጩ ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ሰሃኑን አንስቶ ፑሌጃውን፣ ከሥር ያለውንም ጽሑፍ ፎቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ።

ቴክኒክስ ማርክ 2ን የመሰለ ባለ ኳርትዝ ማሽን ሄርዝ አያሳስበውም፤ ቮልቱን ማስተካከል ይበቃል። አንዳንዱ ከሰሃኑ ሥር የቮልት መምረጫ አለው። ከጃፓን የሚመጣ ከሆነ 100 ቮልት መሆኑን አትርሱ።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ ደግሞ አገር ለዩ። ኤምሬትስ 50 ሄርዝ፣ ሳዑዲ 60 ሄርዝ ነው። ዱባይ በትክክል ሲዘፍን የነበረ የቺንጋ ማጫወቻ ሪያድ ሲገባ ይፈጥናል። እስራኤል እንደ ኢትዮጵያ 50 ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም።

መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ለምታዳምጡም አንድ ነገር ልበል። ትንንሽ ጄኔሬተሮች ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ሄርዛቸው ይወርዳል። የቺንጋው ማጫወቻ ዘፈኑን ይዞ አብሮ ይወርዳል። የኳርትዙ አይነቃነቅም። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ቴክኒክስ የምለው በዚህም ጭምር ነው።

ሰው ቤት ሄጄ ሳየው ምን ልፈትሽ?

ከሁሉ በፊት ክንዱን። የኋላውን ክብደት አስተካክላችሁ ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሳም በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። ከዚያ በቀስታ እፍ በሉበት። ጤነኛ ክንድ እንደ ላባ ይሄዳል። መንገድ ላይ ቆም ካለ፣ ከተንገራገጨ፣ ኩሽኔታው ተጎድቷል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም በቀስታ ወደ ጎን ነካ አድርጉት። ቀጭን «ጠቅ» የሚል ነገር ከተሰማችሁ ላልቷል። የክንድ ኩሽኔታ መጠገን ውድ ነው። እዚህ ላይ ካልተደሰታችሁ ሻዩን ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ቀጥሎ ሰሃኑን። የቺንጋ ማሽን ከሆነ ቺንጋውን አውልቃችሁ በእጅ አዙሩት። ድምፅ ሳያሰማ ለረጅም ጊዜ መዞር አለበት። የሚፈጭ ነገር ከተሰማ ዘይት ያልነካው ወይም ዘንጉ የተበላ ነው። ዓይናችሁን በሰሃኑ ጠርዝ ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ተጣሟል።

ካበራችሁት በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይዙር። ሲነሳ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚያብድ ብዙ ነው። የፍጥነት ማስተካከያውን ከዳር እስከ ዳር ውሰዱና መልሱ። የአሮጌ ዳይሬክት ድራይቭ አደጋው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ለዚያ ሞዴል ብቻ ተብሎ የተሠራ ቺፕ ከሞተ ከሌላ ሬሳ ካልተነቀለ አይገኝም። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ሞዴል በርካሽ ሲቀርብላችሁ ይህን አስቡ።

ጭረትና የተሰነጠቀ ክዳን አያስጨንቃችሁ። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማሉ።

አብሮት ያለውን ካርትሪጅ ላምነው?

አትመኑት። ዋጋ እንደሌለው አድርጋችሁ ተደራደሩ። ገንዘባችሁን በሦስት ክፈሉት። ሁለቱ እጅ ለማሽኑ፣ አንዱ እጅ ለካርትሪጅ፣ ለቺንጋ፣ ለዘይትና ለጠጋኝ ይቀመጥ። ሙሉውን ለማሽኑ ከፍሎ ያረጀ መርፌ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ለጀማሪ የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 ቤተሰብ ጥሩ ነው፤ መርፌው ሲያልቅ መርፌውን ብቻ ነቅሎ መተካት ይቻላል። ዴኖን ዲኤል-103 ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ፣ ለጃፓን ብሮድካስት ተብሎ የተነደፈ ድንቅ ነገር ነው። ግን ድምፁ ደካማ ስለሆነ ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋል። ከባድ ክንድም ይወዳል። ብረት ሰሃን ያለው የጥንቱ ቲዲ 124 ላይ ደግሞ ማግኔቱ ወደ ሰሃኑ ይሳባል፣ ክብደቱም ይዛባል።

የእኔ ሸክላዎች ያለቁ ናቸው። ምርጥ ማሽን ምን ይጠቅመኛል?

ከምታስቡት በላይ። የድሮ የእኛ ሸክላ ቡና ቤት የኖረ፣ በከባድ መርፌ የተፈተገ ነው። የመርፌውን ጫፍ ቅርጽ መቀየር ይረዳል። የቀድሞው መርፌ ቦዩን በአንድ ከፍታ ላይ ፈትጎት ይሆናል። ቅርጹ የተለየ ጫፍ ያልተነካውን ክፍል ያገኛል። የማያገኝበትም አለ፤ ሞክሮ ማየት ነው። ከእነዚህ ሸክላዎች ብዙዎቹ ሞኖ፣ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ስለሆኑ ደግሞ አምፕሊፋየራችሁ ሞኖ የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኑት። መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነጥር የሚፈጠረው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጣፋል። ዘፈኑ ይቀራል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ።

አዲስ ብገዛስ?

ዋስትና ከፈለጋችሁ፣ ጠጋኝ አጠገባችሁ ከሌለ፣ ብሎን መፍታት ካስጠላችሁ አዲስ ግዙ። ቴክኒክስ ራሱ በ2019 የ1200ን ማርክ 7 አውጥቷል።

ማን ይጠግንልኛል?

የቴፕ ጠጋኝ ፈልጉ፣ በዕድሜ የገፋ። በካሴት ዘመን ቺንጋ ሲላላ ዘፈን እንደሚጎተት፣ ፑሌጃ ሲቆሽሽ ድምፅ እንደሚዋልል እጃቸው ያውቀዋል። የሞዴሉን ማኑዋል ከኢንተርኔት አትማችሁ ውሰዱላቸው። የቺንጋውን ልክም እናንተው ተናገሩ። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቁ፤ የሰሃኑ ዘንግ ላይ ግሪስ አይቀባ። ማኑዋሉ የሚለው ዘይት፣ በሚለው ልክ። ለመኪና የሚሆን ወፍራም ግሪስ የተጠቀጠቀበት ዘንግ በቤንዚን ሳጸዳ አንድ ቅዳሜ አልቆብኛል።

ድምፁ ላይ «እምምም» የሚል ነገር ከመጣ ወደ ጠጋኝ ከመሮጣችሁ በፊት ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የኧርዝ ሽቦ እዩ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ብሎን አለው፤ እዚያ ይታሰር።

በሻንጣ ሲመጣ እንዴት ይታሸግ?

ሰሃኑ ወጥቶ ለብቻው ይጠቅለል። ይህ ካልተደረገ መንገድ ላይ እየዘለለ ዘንጉን ያበላሸዋል። ክንዱ ማረፊያው ላይ በለስላሳ ነገር ይታሰር፤ ፕላስተር አይለጠፍበት። የኋላው ክብደት ተፈትቶ፣ ካርትሪጁም ወጥቶ በእጅ ሻንጣ ይምጡ። ሞላ ያለው ማሽን ከሆነ የማጓጓዣ ብሎኖቹ ይጥበቁ፤ ብሎኖቹ ጠፍተው ከሆነ ከሥር በስፖንጅ ይደገፍ። የሚያመጣላችሁ ሰው ይህን ሁሉ በስልክ ሰምቶ አይዘው ይሆናል። ጽፋችሁ ላኩለት። ሲያሽግ ደግሞ በቪዲዮ ደውላችሁ አብራችሁት ሁኑ። ሰሃኑ መውጣቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ስልኩን እንዳትዘጉ።